በር ላይ የቆየው ሣጥን

ጳጳሱ ስለ ጉርብትና ሊሰብኩ ሲመጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የሬሳ ሣጥን ተቀምጦ፣ አጠገቡ ጥቁር የለበሰች ሴት ፀሐይ ላይ ቆማ አገኙ።

"ለእርስዎ ስንል ቀብሩን ገፋ አድርገነው ነው፣ ብፁዕ አባታችን" አለ ወጣቱ ቄስ ፈገግ ብሎ።

ደማቸው ፈላ። "ሬሳ በር ላይ አስቀምጠህ ነው ስለ ጎረቤት ስበክ የምትለኝ? ትንሽ አታፍርም?" የጵጵስና ቆባቸውን አውልቀው ደረቱ ላይ ለጠፉለት። እጅጌያቸውን ሰብስበው የሣጥኑን እጀታ ጨበጡ። "ምን ትገተራላችሁ? አንሱ እንጂ!"

ሴትየዋ እጃቸውን ቀስ አድርጋ ከእጀታው ላይ አነሳችው።

"ይተዉት፣ አባቴ። ባሌ እርስዎን መጠበቅ ለምዷል። ቤታችን ከአጥርዎ ጀርባ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ታሞ ሲተኛ፣ 'ጎረቤቴ ዛሬ ብቅ ይላሉ፣ በሩን አትዝጊው' ይለኝ ነበር።"