የከላላዋ ቀይ ነጥብ

ሙላው ወደ መካነ ሰላም ከተዛወረ ወዲህ በእግሩ ያልደረሰበት ቀበሌ የለም ማለት ይቻላል። የሚሠራው ለተቸገሩ ሰዎች ውሃና እህል በሚያደርስ ድርጅት ውስጥ ነው። በ2008ቱ ድርቅ ወገቡን ሲያመው እንኳ ተኝቶ የሚያስታምምበት ጊዜ አላገኘም።

ድርጅቱ በዚያ ዓመት አዲስ ካርታ አምጥቷል። ካርታው የሚታየው በኮምፒውተር ነው። ከሳተላይት የሚመጣው ፎቶ የለመለመውን መሬት ከደረቀው ይለያል። በዚያ ላይ አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ «ውሃ» ወይም «ድረሱልን» ብሎ ሲጽፍ፣ ማሽኑ ጽሑፉን ይለቅምና ሰውየው አገሬ ብሎ ባስመዘገበው ቦታ ላይ ቀይ ነጥብ ያሳርፋል። ካርታውን የምትከታተለው ምህረት የምትባል ወጣት ናት።

«ጋሽ ሙላው፣ ይቺን ይዩልኝማ» አለችው አንድ ጠዋት።

ከላላ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ወጥታለች። ጸሐፊዋ ፈርሂያ ትባላለች። በፎቶዋ ቦታ የጽጌረዳ ሥዕል ነው የለጠፈችው።

«የከላላ ልጆች ነን። ውሃ ካለቀብን ሰነበተ። ትናንት ሁለት ሰው ቀበርን። ስለ አላህ ድረሱልን። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው።»

ሙላው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ሳተላይቱስ ምን ይላል?»

«አረንጓዴ ነው። በልጉ ጥሎላቸዋል።»

«እንግዲያው ምን ሆንን ነው የምትለው?»

«ሳር በቀለ ማለት የሚጠጣ ውሃ አለ ማለት አይደለም እኮ። ምንጩ ተደርምሶ ሊሆን ይችላል።»

«የት ቀበሌ ነሽ ብለሽ ጠይቂያት።»

«ጠይቄያታለሁ። አልመለሰችልኝም።»

«ውሸታም መች ይመልሳል!»

እንዲህ ያለው ወዶ አይደለም። ባለፈው ወር ጎርፍ ሰው ወሰደ የሚል ፎቶ አምኖ አጅባር ድረስ ሄዶ ነበር። ፎቶው የሌላ አገር ሆኖ ተገኘ። አሁን ደግሞ የውሃ ቦቴያቸው አንድ ብቻ ናት፤ ወግዲም ይጠብቃታል። ለከላላ ከላካት ወግዲ ይጠማል።

«ሰው ቀበርን እያለች እኮ ነው» አለች ምህረት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሙላው ተነፈሰና ጃኬቱን አነሳ።

ፈርሂያ የተማረችበትን ትምህርት ቤት ገጿ ላይ አስፍራ ስለነበር መንደሩን ማግኘት አላስቸገረውም። መኪናው ከላላን አልፎ መንገዱ እስካለቀበት አደረሰው። የቀረውን በበቅሎ ሄደ። ወገቡ በየዳገቱ ይወጋዋል።

መንደሩ ለምልሟል። ከበላዩ የሚወርደው ምንጭ በሲሚንቶ ተገንብቶ ውሃው ይንፎለፎላል። ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው እየቀዱ ይሳሳቃሉ። ሙላው ቆሞ አያቸው። እፎይ ማለት ሲገባው በገነ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አሕመድኑር ወሬ ሰምተው መጡ። ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም። አፊያ ናችሁ?» አላቸው ሙላው።

«ወአለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ።»

«ውሃ አጥታችኋል ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«እኛ? ኧረ አላህ ይመስገን፣ ይኸው ምንጩ!»

«ሰሞኑን የሞተ ሰውስ?»

«ማንም የለ። ማነው እንዲህ ያለው?»

«ፈርሂያ የምትባል ልጅ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጅቱን ያውቋታል?»

«የዘሊካ ልጅ ናት። እኔ የማውቀው ነገር የለም። እናቷን ብታነጋግሩ ይሻላል» አሉና ሥራ አለኝ ብለው ጥለውት ሄዱ።

ሙላው ነገሩ ገባው። ሊቀመንበሩ ያውቃሉ፤ ልጅቱን እየሸፈኑላት ነው። ስልኩ እንዲሠራለት ጉብታው ላይ ወጣና ለምህረት ደወለ።

«ውሸት ነው። ውሃው ሞልቶ ይፈሳል። ነጥቧን አጥፊያት።»

«ሰዎቹስ? የተቀበሩት?»

«የተቀበረ ሰው የለም አልኩሽ! አጥፊያት። ቦቴዋም ወደ ወግዲ ትሂድ።»

ምህረት የኮምፒውተሯን ቁልፍ ቀጭ ስታደርግ ተሰማው። ከዚያ «እሺ፣ ጠፍታለች» አለችው።

መመለስ ይችል ነበር። ግን ያን ሁሉ መንገድ ያስለፋችውን ልጅ ሳይቆጣ መሄድ አልሆነለትም። ቤቱን አሳዩት።

ዘሊካ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እንግዳ ሲያዩ ብድግ አሉ። ሙላው አልቀመጥም አለ።

«ልጅዎ ፈርሂያ ይህን የመሰለ ነገር ለምን ትጽፋለች?»

«ምን ጻፈች?»

ሙላው ስልኩን አውጥቶ ቃል በቃል አነበበላቸው። ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ፤ አላዩትም።

«መቼ ነው የጻፈችው?»

«ከትናንት ወዲያ። በሉ አሁን ይጥሯት፤ እዚሁ ፊት ለፊቴ ትንገረኝ።»

ዘሊካ ሁለት እጁን ጭምቅ አድርገው ያዙት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«በሕይወት አለቻ! ባሕሩን ተሻግራ የመን ገባች፣ ደላሎቹም አጥር ውስጥ ቆለፉባቸው ከተባልኩ ወዲህ ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም። የእኔ ጌታ፣ የት እንዳለች ካወቃችሁ ድረሱላት!»