የፊት ግራው ጎማ

ዳሽኒያም እናቱን ወደ ኡላንባታር ሊወስድ ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለቱን ጊዜ መኪናው እምቢ ብሏል።

መኪናው ያገለገለ፣ ከጃፓን የመጣ የመስክ መኪና ነው። ሞተሩ ደህና ነው፤ ቀለሙም ደህና ነው። የፊት ግራው ጎማ ኩሽኔታ ግን እናቱ ዘንድ በመጣ ቁጥር ወር ሳይሞላው ያልቃል። መጀመሪያ ያንጎራጉራል፤ ወደ ከተማው መንገድ ላይ ካለው ተራራ አናት ሲደርሱ እንደ ተኩላ ይጮኻል። ከዚያ መመለስ ነው።

እናቱ ጸቨልማ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ ደክሟል። ባለፈው የብርድ ወራት ውሃ ልትቀዳ ወደ ወንዝ ወርዳ በረዶ ላይ ወደቀች፤ ሰው እስኪያገኛት ድረስ እዚያው ተኝታ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ዳሽኒያም ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። አንድ ቀን ደርቃ እንዳያገኛት ፈርቷል።

«በረዶው ሳይገባ እንሄዳለን» አላት።

«እንሄዳለን ልጄ። ማን እምቢ አለ?»

በዚህኛው ጊዜ ብልጥ ሆኗል። አዲሱን ኩሽኔታ ያስገጠመው ከተማ ውስጥ፣ ዓይኑ እያየ ነው። የመንደሩን መካኒክ ጎምቦሱሬንን አላመነውም። ጎምቦሱሬን ሚስቱ የሞተችበት አጭር ሰውዬ ነው፤ ሥራ ሲፈታ በሞተር ሳይክሉ እየመጣ ከጸቨልማ ጋር ሻይ ይጠጣል። ኩሽኔታው በተሰበረ ቁጥር ሥራ የሚያገኘው እሱ፤ ጸቨልማ በቀረች ቁጥር ደስ የሚለውም እሱ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለ ዳሽኒያም ለራሱ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የእናቱን በጎች ለመሸጥ ከድንኳን ድንኳን ሲዞር ከረመ። ማታ ማታ ጎማዎቹ ግለው ይመለሳል።

«ደክሞሃል፤ ሻይህን ጠጣና ጋደም በል» ትለዋለች ጸቨልማ። «ቁልፉን እዚያ ተወው፣ ዕቃውን እኔ አወርደዋለሁ።»

እሱም ይተኛል። ሲነቃ በሩ አጠገብ ያለው ትልቁ በርሜል እስከ አፉ ሞልቶ ያገኘዋል።

«ማነው ውሃ የሚያመጣልሽ?»

«ሰው አይጠፋም።»

ዳሽኒያም የትኛው ሰው እንደሆነ የሚያውቅ መሰለው። ተናደደ፤ ትንሽም አፈረ። ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። እዚያ የተሰቀለው ፎቶ ላይ ወጣቷ ጸቨልማ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የጭነት መኪና አጠገብ ቆማለች፤ ቁመቷ ከጎማው እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ዘመን መኪና አጠገብ ፎቶ ያልተነሣ ሰው የለም።

በማግሥቱ መኪናው ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ መሪውን መታው። ወንበሩ ወደ ፊት ተስቧል። እንዲህ ተጠግቶ የሚቀመጠው አጭር ሰው ብቻ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ጥርሱን ነክሶ ሞተሩን አስነሣ።

የመሄጃቸው ቀን ጸቨልማ እንደ ወጉ አራቱም ጎማ ላይ ወተት ረጨች። ከዚያ የተረፈውን ባልዲ ሙሉ ወተት ወስዳ ወንዙ ውስጥ አፈሰሰችው።

«ለወንዝ ይህ ሁሉ?»

«ብዙ አስቸግሬዋለሁ» አለች።

ተራራው አናት ላይ ጎማው ጮኸ።

ጸቨልማ ጓዟን ጭኗ ላይ እንደያዘች፣ «አይ ዕድል!» አለች። ተመለሱ።

ጎምቦሱሬን ተጠርቶ መጣ። ጎማውን ፈቶ ጣቱን አስገባ። ግራሶው የወተት ሻይ መስሏል።

«ውሃ ገብቶበታል» አለ። «መኪናም እንደ ፈረስ ነው፤ ላቡ ሳይደርቅ ወንዝ አይገባም። የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።»

«እኔ የመጣሁት በድልድይ ነው።»

«አንተስ በድልድይ ነው የመጣኸው።» ቀና ብሎ ጸቨልማን አያት። ጸቨልማ ሻይ ትቀዳለች።

«ጋሼ ጎምቦ፣ እኔ እርስዎን እንደ አጎት ነበር የማይዎት» አለ ዳሽኒያም። «ወንበሬን ማነው ወደ ፊት ያስጠጋው?»

ጎምቦሱሬን ስለ ወንበሩ ገና መስማቱ ነው። ወንበሩን አየ፤ ከዚያ የራሱን አጭር እግሮች አየ።

«እናቴ እንዳትሄድብህ ነው አይደል? ተናገር!» አንቱታው ቀረ።

«እኔ ነኝ ብልህ ይቀልሃል?»

«አዎ!»

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለ ጎምቦሱሬን፤ እጁን በጨርቅ ጠረገና ጎማውን መልሶ አሰረ።

ጸቨልማ ሻዩን ከጎድጓዳው የሻይ ሳህን ውጭ ቀዳችው።

አዲስ ኩሽኔታ የሚገኘው ከተማ ነው። ሱፍ የጫነ መኪና በዚያ ሲያልፍ ዳሽኒያም አስቆመው። ጋቢናው ሞልቷል፤ የጸቨልማ ጉልበት ደግሞ ሱፍ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ዳሽኒያም ጎምቦሱሬንን ከነሞተር ሳይክሉ አስጫነው። እናቱን ለዚህ ሰውዬ ትቶ አይሄድም።

«ቁልፉን ደብቂው» አላት። «ለማንም እንዳትሰጪ።»

«ለማንም አልሰጥም ልጄ። በአባትህ ስም!»

መኪናው ተነሣ። ጸቨልማ ከኋላቸው ወተት ረጨች፤ እያነሰች እያነሰች ሄደች። ዳሽኒያም ሱፉ ላይ ተቀምጦ ሲያያት ዕንባው መጣ። ቢሆንም ልቡ አረፈ፤ ከእንግዲህ ያንን መኪና የሚነካው የለም።

መንገዱ ሲታጠፍ የሚያውቀው ጩኸት ከሩቅ ተሰማው። ዞሮ አየ። መኪናው በርሜሉን ጭኖ፣ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

አጠገቡ የተቀመጠው ጎምቦሱሬን የሱረት ብልቃጡን አወጣና ዘረጋለት።