ተሸካሚዋ

የነፍሰ ጡርን ትርፍ ስኳር ወደ ሌላ ሰው ደም የሚያሻግረው ጥንድ አምባር ከወጣ ወዲህ በየቤቱ አንድ ተሸካሚ አለ። በማስተዋል ቤት ተሸካሚዋ አማቷ ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

መውለጃዋ ስለተቃረበ፣ አማቷ ለአራስነቷ ያሰናዱትን የገብስ ዱቄት ሊሞክሩ ገንፎ አገንፍተው ሰጧት። እሷ ስትበላ እሳቸው አጠገቧ የሕፃኑን ቀሚስ እየሰፉ በየመካከሉ ውኃ ይጠጣሉ።

«ብዪ እንጂ። ስኳሩን ለእኔ ተዪው።»

ክሩን ሊበጥሱ የሕፃኑን ቀሚስ ሲያነሱት የራሳቸውም ቀሚስ አብሮ ተነሣ። አንድ ላይ ሰፍተውታል።

«አልታየዎትም?»

«ከልጅ ልጄ እንዳልለይ ብዬ ነው» ብለው ሳቁ። ስፌቱን ግን የሚፈልጉት በጣታቸው እየዳበሱ ነበር።

ማስተዋል ሳህኑን ገፋ አድርጋ አምባሯን ፈታች።

«ምን ሆነሻል? ስኳሩ ለልጁ ሊተርፍ ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ ጎመንና ሽምብራ ነው የምበላው። እንደ ድሮው የስኳር መርፌዬንም እወጋለሁ።»

«ለነፍሰ ጡር ጎመን አበላች ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ልጁ ማንን ይመስላል ሲሉዎትስ?»

ወይዘሮ አስካለ የአምባራቸውን መፍቻ ፈልገው ስላጡት እጃቸውን ዘረጉላት።