ለዌንዴል ስድስት ጥይት

በዚያ ዓመት በሞንታና የሽጉጥ ባሩድ ከገበያ ጠፋ። ጥይታቸውን በእጃቸው የሚሞሉ ሰዎች ያገኙትን ምትክ ይገዛሉ፤ ከዚያ ስንት እንደሚጨመር ለመጠየቅ ወደ ሜሪት ሃውገን ሱቅ ይመጣሉ። ሜሪት ማይልስ ሲቲ ውስጥ ባሩድና እርሳስ ሲሸጥ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ጣቶቹ አሁንም አሥር ናቸው። በዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ ሴት ገባች። ኦፓል ስትራውድ ትባላለች። ከጆርዳን ከተማ ሰማንያ ማይል ነድታ ነው የመጣችው። አንድ ቆርቆሮ ባሩድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ባለቤቴ የለመደው ባሩድ የለም፤ ያገኘሁት ይህን ነው። ቤት ውስጥ ቀልጦ ለተሠራ የእርሳስ አረር ስንት እንደሚገባ የአሞላል መመሪያ መጽሐፉ አይናገርም።»

«ባለቤትዎ ለምን ራሳቸው አልመጡም?»

«ዌንዴል ከየካቲት ወዲህ ከምድጃው አጠገብ አይነሳም።»

«በጣም ያማቸዋል?»

«አሁንስ ምንም አያመውም።»

ጥግ ላይ ዱዌይን ተቀምጦ ነበር። ዱዌይን በጡረታ የተሰናበተ ምክትል ሸሪፍ ነው፤ በየጠዋቱ እዚህ እየመጣ የሜሪትን ቡና በነጻ ይጠጣል። ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ።

«አረሩን ይዘውታል?» አለ ሜሪት።

ኦፓል ከመሐረቧ ውስጥ አንድ አረር አወጣች። ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው በሻማ ሰም ተደፍኗል። ሜሪት መዘነው። መጽሐፉ ላይ ካለው ቀለል ይላል። ሲያነሳው ሚዛኑ ላይ አመድ የመሰለ ትንሽ ብናኝ ቀረ። እፍ ብሎ አራገፈው። ኦፓል ብናኙ ወለል ላይ እስኪያርፍ በዓይኗ ተከተለችው።

«ቀዳዳው ውስጥ ምን አለ?»

«እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

ዱዌይን ስኒውን አስቀመጠ።

«ባሩዱ ሲያንስ ምን ይሆናል?» አለች ኦፓል።

«አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ተኳሹ ሳያውቅ ከደገመ ሽጉጡ እጁ ላይ ይፈነዳል።»

«ሲበዛስ?»

«ሳይደግምም ይፈነዳል።»

ኦፓል አሰበችበት። «ተሰንቅሮ መቅረቱን አልወደድኩትም» አለች።

ሜሪት ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሮ ስትራውድ፣ ሰው ሌላ ሰው በሞላው ጥይት አይተኩስም። እርስዎ እንደሚሞሉላቸው ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

«አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥይቱን አላስነካኝም። ቅዳሜ ግን እንቢ አይልም።»

«ቅዳሜ ምን አለ?»

«ጆርዳን ላይ የተኩስ ክለባችን ውድድር ነው። ቀርቶበት አያውቅም። ዘንድሮም እንደምወስደው ቃል ገብቼለታለሁ።»

«እንግዲያው ይተዉት፣ እኔ ልሙላልዎ።»

«አይሆንም። ይህ በእኔ እጅ የሚሠራ ነው።»

ሜሪት ትንሽ እንድትታገሠው ነግሯት ወደ ጓዳ ገባ። ዱዌይን ተከተለው።

«አንተ፣ ይቺ ሴትዮ ባሏን ልትሸኘው ነው።»

«ዝም በል፣ ትሰማሃለች።»

«ትስማ። ሚስት ስለ ባሏ ‹እንቢ አይልም› ካለች ወይ ጉቦ ሰጥታዋለች፣ ወይ ጉድጓዱን አስቆፍራለች። ያቺ ቀዳዳስ? ምን ጠቅጥቃባታል? ቁጥሩን እንዳትነግራት።»

«ካልነገርኳት በግምት ትሞላዋለች። ያኔ ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ከነገርካትስ?»

ሜሪት ስልኩን አንሥቶ ባሩዱን ወደሚሠራው ፋብሪካ ደወለ። ባለሙያው የአረሩን ክብደትና የእርሳሱን ቅይጥ ጠየቀው። በዚያ ክብደት የሞከርነው የለም አለ፤ ትንሽ ከበድ ለሚለው አረር የተሰጠውን መነሻ መጠን ተጠቀሙ፣ ከዚያም አታውርዱት አለ። ሜሪት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመውና በትልልቁ ጽፎ አመጣላት።

«ከዚህ አይጨምሩ፣ ከዚህ አይቀንሱ። አንድ በተኮሱ ቁጥር ዒላማው መበሳቱን ይዩ። ካልተበሳ፣ ያቁሙ።»

«እያንዳንዱ ሲያልፍ አየዋለሁ» አለች ኦፓል። «ለዚያ ነው የምሄደው።»

ከመውጣቷ በፊት ጎንበስ ብላ ብናኙ ያረፈበትን ወለል በመሐረቧ ጠረገች። መሐረቡን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ንጹሕ ሴት ናት» አለ ሜሪት።

«ምልክት አለመተው ይባላል» አለ ዱዌይን።

ቅዳሜ የሱቅ ዋና ቀን ነው። ሜሪት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቅዳሜ ዘግቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ዘጋ። ወደ ጆርዳን ሲነዳ ለዌንዴል ስትራውድ የሚለውን ቃል እያሳጠረ እያሳጠረ ሄደ። በመጨረሻ «አትተኩስ» የሚለው ብቻ ቀረ።

ውድድሩ ቦታ ሲደርስ ዳኛው የተኳሾቹን ስም እየጠራ ነበር። ሜሪት አንዱን ዌንዴል ስትራውድ የትኛው ነው ብሎ ሊጠይቅ ሲል ዳኛው ስሙን ጠራ።

«ዌንዴል ስትራውድ።»

«አቤት» አለች ኦፓል፣ ሽጉጡን ይዛ ወደ መተኮሻው መስመር እየወጣች።

የክለቡ ሰዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሜሪት ለምን ብሎ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። በመካከላቸው እየተጋፋ አጠገቧ ደረሰ።

«ወይዘሮ ስትራውድ፣ ይቆዩ። ባለቤትዎ የት ናቸው?»

ኦፓል ስድስት ጎራሿን ከፍታ የጥይቶቹን ቂጥ አሳየችው።

«እዚህ ስድስቱ ውስጥ» አለች። «የተረፈው አመዱ ምድጃው አጠገብ ማሰሮ ውስጥ ነው።»