ግማሹ የጎደለው ጠርሙስ

ታናሽየው የላቦራቶሪውን በር በእርግጫ የበረገደው ታላቅ ወንድሙ በተቀበረ በማግስቱ፣ ረፋድ ላይ ነው። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ገፋ ማድረግ ይበቃ ነበር፤ ግን የዚያ ቤት ወንዶች በር በእጅ ሲከፍቱ ያየ የለም።

ባዮኬሚስቷ የደም ብልቃጥ እየደረደረች ነበር። ቀና ከማለቷ ፀጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመው። ብልቃጦቹ ረገፉ። የሰው ደምና የእሷ ደም ወለሉ ላይ ተቀላቀለ።

«ወንድሜን ምን አጠጣሽው?»

«ምንም!»

«ጉበቱ አልቆ ነው የሞተው! ያንቺ ሥራ ደግሞ ጉበት ነው!»

እዚህ ላይ አልዋሸም። ሴትዮዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናችው የጉበት ኢንዛይሞችን ነው፤ የበላነውን የሚሰባብሩልንን ጥቃቅን ሠራተኞች። አንዳንድ ሰው ከእናትም ከአባትም በወረሰው ጉድለት አንዱ ሠራተኛ ሳይኖረው ይወለዳል። ያኔ ለሌላው ቀለብ የሆነው ለእሱ መርዝ ይሆናል።

ሟች የእህቷ ባል ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የሚስቱን መንጋጋ በቡጢ ሰብሮታል። ሐኪሞች በሽቦ አሰሩላት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዮኬሚስቷ ቤት ተኝታ ሾርባ በቀሰም ትመጥጣለች። ባዮኬሚስቷ ያን ዕለት በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጉበትህን ካንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ ታያለህ!» ብላዋለች። የተናደደ አፍ መዝጊያ የለውም። ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው ጠዋት ጠዋት ያስመልሰው ጀመር። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጎረቤት «መጠጡ ነው» አለ፤ ሲሞት ግን ኮሪደሩ ትዝ አለው።

ታናሽየው ዳግም እጁን ሲያነሳ እናቱ ደርሳ መሃል ገባች። ጥቁር ለብሳለች። ቀኝ እጇ በጄሶ ታስሮ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል። ለጠየቃት ሁሉ «ከደረጃ ወድቄ ነው» ትላለች።

«ተው ልጄ፣ ለሕግ ተዋት!»

«አንቺ ደግሞ ዞር በይ!» በክርኑ ገፈተራት። የታሰረው እጇ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

«ተመርመር!» አለች ባዮኬሚስቷ ደም እየተፋች። «የአንድ እናትና አባት ልጆች ናችሁ! የሱ ጉድለት አንተም ላይ ሊኖር ይችላል!»

«ጭራሽ ትዝቺብኛለሽ?» በጫማው ጎኗን ረገጣት። ሲያገሳ ጥርሱ ብልጭ አለ፤ ልክ እንደ ሟቹ፣ አንድም ያልተበላ፣ ወተት የመሰለ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የዚህችኛዋ ግን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ቡጢና አንድ ዓይነት ጥርስ ነው ያወጣው።

የጎረቤት ክፍል ሠራተኞች የጠሩት መርማሪ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ሲደርስ የባዮኬሚስቷ አንድ የጎድን አጥንት ተሰብሮ ነበር። መርማሪው ለጎድን አጥንት አልመጣም። ማቀዝቀዣውን ከፈተ፤ የሟች ስም ያለበት የደም ብልቃጥ አገኘ። መዝገቧን ገለጠ፤ ከስሙ ሥር «ማር፣ ስኳር፣ ፍራፍሬ፦ ለዚህ ሰው መርዝ» ይላል። መደርደሪያው ላይ «የፍራፍሬ ስኳር» የተባለ ነጭ ዱቄት በጠርሙስ ተቀምጧል። ግማሹ ጎድሏል።

«ዶክተር፣ የሰውየው ደም እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራል?»

«አምና ራሱ ነው የሰጠኝ። ጣፋጭ አፉ አይገባም ነበር፤ ጥርሱም አንድ አልተበላም። ጠረጠርኩና መረመርኩት።»

«ዱቄቱስ?»

«ለሙከራ ነው።»

«በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ቤቱ ሄደዋል?»

«የእህቴን ልብስ ላመጣ። ሁለቴ።»

«ሁለቴ! ሰማችሁ?» አለ ታናሽየው።

«ምን መብላት እንደሌለበት በወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ! ኩሽናው የእሳቸው ስለሆነ ለእናቱ ነው የሰጠሁት። እማማ፣ ይንገሩት እንጂ! አንድ በአንድ አላስረዳሁዎትም?»

ሁሉም ወደ እናትየው ዞሩ።

«ምን ወረቀት?» አለች። «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት! ልጄን ነጥቃኝ ደግሞ በእኔ ታመካኛለች!» በግራ እጇ ደረቷን መታች። ከፖሊሶቹ አንዱ ዓይኑን ጠረገ።

መርማሪው ካቴና አወጣ። የባዮኬሚስቷ እጅ በደም ርሶ ስለነበር ሁለቴ አዳለጠው። ታናሽየውን ግን «ሐዘን ነው፤ ሐዘን ምን የማያደርግ አለ» ብሎ አስፈርሞ ለቀቀው።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ፍለጋ ሟቹ ከእናቱና ከታናሹ ጋር የኖረበትን ቤት ፈተሸ። ከመንገዱ ጋር እኩል የሆነ፣ አንድም ደረጃ የሌለው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። ወረቀት የለም። ምድጃው ላይ ቅጠል የተቀቀለበት ድስት ነበር።

«ለስካር ነው» አለችው እናትየው። «የጠጣ ሰው ጠዋት ሲነሳ ይጠጣዋል። ታላቁ ያለሱ አይነሳም ነበር። ቅመሰው።»

ቀመሰ። ፊቱ ተኮማተረ። «እማማ፣ ሬት አይደል እንዴ!»

«ጣፍጦ ያዳነ መድኃኒት የት አለ ልጄ።»

ሳቅ አለና ማስታወሻውን አጠፈ። «በርቱ እንግዲህ። ያቺ ሴት ከእንግዲህ ፀሐይ አታይም።»

በማግስቱ ጠዋት ታናሽየው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ከክፍሉ ወጣ። ሲጠጣ ነው ያመሸው። ግድግዳው ሥር የተሰበረ ሳህን አለ፤ የእናቱ ጉንጭ ላይ ደግሞ አዲስ ሰምበር።

«እማዬ! ያን የወንድሜን መድኃኒት አምጪ። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።»

«መጣሁ፣ የኔ ጌታ።»

በደህናው እጇ ብርጭቆውን ከድስቱ ሞላች፤ ከዱቄት ዕቃው ጀርባ ማሰሮዋን አወጣች፤ እንደ ታላቁ ጊዜ አራት ማንኪያ ማር ጨመረችና መራራው እስኪውጠው ድረስ አማሰለችው።