የጾም ዋፍል

እህተማርያም የቆሻሻ ባልዲውን ክዳን ከፍታ ጎንበስ አለች። የሙዝ ልጣጭ፣ ባዶ የዘይት ጠርሙስ፣ የተጨማደደ ሶፍት። የእንቁላል ቅርፊት የሚባል የለም።

«ደብቃዋለች» አለች በልቧ። ቅርፊት ብታገኝ አንድ ነገር ነበር፤ ይበልጥ ያሳሰባት አለማግኘቷ ነው። ምራቷ ጠንቃቃ ናት፤ ጠንቃቃ የሆነችው ደግሞ ያለ ነገር አይደለም።

ምራቷ ወርቅአየሁ ጀርባዋን ሰጥታ ዋፍል ትጋግራለች። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ስትሠራ የተማረችውን ሙያና አንድ የዋፍል ማሽን ይዛ ነው እንጅባራ የገባችው። እህተማርያም መንገድ ዳር ያለውን ክፍል የለቀቀችላት ለልጇ ለሽመክት ስትል ነው። በፍስኩ ጊዜ በእንቁላልና በቅቤ እየተጋገረ፣ ማር ወይ ቸኮሌት እየፈሰሰበት ተሸጠ፤ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ተሰለፉለት። ሁዳዴ ሲገባ ይቆማል ብላ ስትጠብቅ፣ ወርቅአየሁ በሩ ላይ «የጾም ዋፍል አለ» ብላ ለጠፈች። ሰልፉ ጭራሽ ረዘመ።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎረቤቷ ብሥራት ጠጋ ብላ፣ «እንቁላል የሌለበት ሊጥ እንዲህ አይነፋም። ሰዉን እያስገደፋችሁት እንዳይሆን» አለቻት። ምራትሽ አላለችም፤ እህተማርያምንም ጨመረቻት። እንግዲህ ዛሬ እንቁላል ካገኘች ቤቱ ዛሬውኑ ይዘጋል፤ ምራቷም ወደ እናቷ አገር ወደ አዘና ትሄዳለች። ወስናለች።

«ምን ጠፋብዎት እማማ?» አለች ወርቅአየሁ ሳትዞር።

«ምንም። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ሳትዞር እንዴት አየቻት? እህተማርያም ይህንንም አልወደደችው።

ወደ ሊጡ ተጠጋች። ከጎኑ በቆመው ጆግ ውስጥ የሚዝለገለግ ነገር አለ። በማንኪያ ስታነሣው ክር እየሠራ ተጎተተ። የእንቁላል ነጭ ይመስላል።

«ይኸ እምትጨምሪው ምንድን ነው?»

«ተልባ ነው እማማ። ፈጭቼ ዘፍዝፌው ነው። እንደ እንቁላል ሊጡን ይይዝልኛል።»

«ተልባ ይጠጣል እንጂ ይጋገራል?»

«ይጋገራል።»

አሸተተችው። እርግጥ ተልባ ተልባ ይላል። ግን ከላይ ተልባ አድርጋ ከሥር እንቁላል ብትመታበትስ?

ወርቅአየሁ ልታረጋጋት ብላ ነው መሰል፣ ሆቴል ሳለች ሼፉ የነገራትን ማውራት ጀመረች። «አጀማመሩማ የቤተ ክርስቲያን ነው አሉ። ድሮ በፈረንጅ አገር ቁርባናቸውን በሁለት ብረት መኻል ነበር እሚጋግሩት። ኋላ ሰዉ እርሾም ማርም እየጨመረ ለቤቱ አደረገው። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ማሩን እንዲይዝ ነው።»

እህተማርያም አማተበች። ጭራሽ የካቶሊክ ቁርባን ቤቷ ገብቷል። ብሥራት ይህን ብትሰማ ምን ልትል ነው?

ጥግ ከተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች አንዱ በአዊኛ የሆነ ነገር አለ። ወርቅአየሁ በአዊኛ መለሰችለት፤ ሦስቱም ሳቁ። እህተማርያም እዚሁ እንጅባራ፣ ቆሰበር ተወልዳ ያደገች ብትሆንም ከሰላምታ በቀር አዊኛ አትሰማም፤ እስከ ዛሬም ጎደለብኝ ብላ አታውቅም። አሁን ግን ስለ እንቁላሉ ነው የሚያወሩት። ሌላ ምን ያስቃል?

«ምን አለሽ?»

«ማር ጨምሪልኝ አለኝ። ያዘዘው የድንቹን ዋፍል ነው፤ ድንች ላይ ማር አይደረግም አልኩት።»

መልሱ ፈጣን ነው። በጣም ፈጣን።

ማሽኑ ሲከፈት ዋፍሉ ብስል ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ሽታው ቤቱን አወደው። እህተማርያም በዕድሜዋ እንዲህ የሚያስጎመጅ የጾም ምግብ አይታ አታውቅም። እዚህ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ። በዓይንም በአፍንጫም ካልተገኘ የቀረው መንገድ አንድ ነው። ከሳሕኑ ላይ አንሥታ ገመጠች።

ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ መኻሉ ይለሰልሳል። በምላሷ እያገላበጠች ፈለገች። ዘይት አለ። ስኳር አለ። ከሥር ከሥሩ ተልባው ይመጣል። እንቁላል የለም። ደግማ ገመጠች፤ ለምን እንደደገመች ለራሷም አልገባትም። የለም።

ዓይኗን ስትገልጥ ተማሪዎቹ ሳሕናቸው ላይ አቀርቅረዋል።

«እማማ» አለች ወርቅአየሁ በቀስታ፣ «ቅዳሴ እኮ አልወጣም።»

ገና ቀትር ነው። እህተማርያም ነፍስ ካወቀች ጀምሮ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ ቀምሳ አታውቅም። ጉንጯ እንደተሞላ ደርቃ ቀረች። እንዳትተፋው ሰው ፊት ነው፤ እንዳትውጠው ጾም ነው። የምታሳብብበት ነገር ፍለጋ ቀና ብላ ምራቷን አየቻት። የወርቅአየሁ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከማለዳ ጀምራ ማሽኑ ፊት ስትቆም፣ ማር የነካ ጣቷን በጨርቅ ስትጠርግ እንጂ ስትልስ አላየቻትም። እሷም ቅዳሴ እስኪወጣ እየጠበቀች ነው።

እህተማርያም እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ወርቅአየሁ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሄደችና፣ መንገደኛ እንዳያይ የበሩን መጋረጃ ሳበችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አማቷ እስክትውጥ ጠበቀች።