ባለሠላሳው ሰሌዳ

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ጋዲሴና ጓደኛዋ ወንጌል ለሮቦቶች ፍልሚያ የሚወዳደር ሮቦት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው የጋዲሴ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር። በዚያ ሳምንት የሞተሮቹን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መምረጥ ነበረባቸው። ጋዲሴ ስልሳ አምፔር የሚችለውን ፈለገች። ወንጌል ግን «ይከብደናል፣ ሠላሳው ይበቃል» ብላ አሳመነቻት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኦልያድ የሚባል የክፍላቸው ልጅ ለጋዲሴ ደወለ። ወንጌል ሲግናል ሰፈር ካሉት ተጋጣሚዎቻቸው ጋር በድብቅ እንደምትሠራ ነገራት። ጋዲሴ መሣሪያዋን አስቀምጣ ተነሣች። አጠገቧ ተቀምጣ ሽቦ ለምትበይደው ወንጌል «መጣሁ» ብቻ ብላት ወጣች፤ ታክሲ ይዛም ሲግናል ወረደች።

የተጋጣሚዎቹን በር ስትከፍት ወንጌል በነሱ ሮቦት ላይ አጎንብሳለች። የያዘችው ሰሌዳ ባለስልሳ ነበር።

«ለኔ ሠላሳ መርጠሽ ለነሱ ስልሳ?» አለች ጋዲሴ። እንዴት ቀድማት እንደደረሰች ለመጠየቅ እንኳ አላሰበችም።

ወንጌል ቀና ብላ ቆመች። «መቼ መረጥኩልሽ? የዛሬ ሳምንት በርሽን ሳንኳኳ ዝም አልሽኝ። በመስኮት አይቼሻለሁ፤ በኔ ቦታ ሌላ ሴት አስቀምጠሽ ነበር።»

«የቷን ሴት?»

«ጀርባዋን ነው ያየሁት። የኔን ሹራብ ለብሳለች።»

የጋዲሴ ሞባይል ጮኸ። የሚደወለው ከራሷ ቤት የመስመር ስልክ ነበር።

«ጋዲዬ፣ ሰሌዳውን ገጠምኩት፤ ሞተሩ ዞረ» አለ የወንጌል ድምፅ። «ምነው ቆየሽ?»

ጋዲሴ ከፊቷ የቆመችውን ወንጌልን አየቻት። የወንጌል ከንፈሮች አልተንቀሳቀሱም።